ፍጥሞን በሁለት ሰዓት?

ለእረፍት ወደ ግሪክ ደሴቶች የሚወርዱ አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ይዘውት የሚመለሱት ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ የሳንቶሪኒ ጀንበር። አልፈርድም፣ እኔም አንስቻለሁ። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስሟን እየሰማን ያደግንባት ደሴት እዚያው ባሕር ላይ ናት። የመርከብ ትኬቱ ፓትሞስ ይላታል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ፍጥሞ።

ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ነው የሚባለው ዋሻ ከስካላ ወደብ ወደ ኾራ መንደር ሽቅብ ሲወጡ መንገድ ላይ ይገኛል። ግሪኮቹ «የአፖካሊፕሲስ ዋሻ» ይሉታል። አባቶቻችን የዮሐንስን ራእይ አቡቀለምሲስ የሚሉበት ቃል እዚያ በር ላይ ተጽፎ ሳየው ደነገጥኩ ብል አላጋነንኩም። የዋሻው ጣሪያ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይላሉ። ሐዋርያው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚሉት ጎድጓዳም አለ።

ቦታው ጠባብ ነው። እኔ በሄድኩበት ጠዋት አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ጥግ ይዘው ይጸልዩ ነበር። ከመርከብ የወረደ ቡድን ከነአስጎብኚው ሲገባ፣ እናትየዋ ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወጡ። ቡድኑ ዋሻውን፣ ገዳሙንና ምሳውን በሁለት ሰዓት ጨርሶ ወደ መርከቡ መመለስ ነበረበት።

የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በሽርሽር መርከብ በሚመጡ መንገደኞች ላይ ቀረጥ ጥሏል፤ በበጋ ለሳንቶሪኒና ለሚኮኖስ 20 ዩሮ፣ ለሌሎቹ 5 ዩሮ። ገንዘቡ ይጠቅም ይሆናል። ለእኚያ እናት ግን ቦታቸውን አይመልስላቸውም።

ኮረብታው አናት ላይ ያለው የዮሐንስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1088 ክሪስቶዱሎስ የተባለ መነኩሴ ከቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ቀዳማዊ ደሴቲቱን በስጦታ ተቀብሎ የመሠረተው ነው። የባሕር ወንበዴ ስለማይታመን ግንቡ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ምሽግ ይመስላል። መነኮሳቱ ዛሬም አሉ፣ ቅዳሴውም አልተቋረጠም። በ1200 አካባቢ የመጻሕፍታቸውን ዝርዝር ሲሠሩ 330 ቆጥረዋል። ከ600 ዓመት በኋላ፣ በ1801፣ ኤድዋርድ ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ መጣና መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተጥለው አገኘኋቸው አለ። በ895 የተገለበጠ የግሪካዊው ፈላስፋ የፕላቶን ብራና ገዝቶ ሄደ፤ ብራናው ዛሬ ኦክስፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ብራናዎቻችን የተወሰዱብን በጦር ነው፣ ይሄ በግዢ፤ አንድ አላደርጋቸውም። «ባለቤቶቹ አያውቁበትም» የሚለውን ምክንያት ግን ጆሯችን በደንብ ያውቀዋል።

ለጥቂት ሰዓት ጎራ ያለ እንግዳ አቧራውን አይቶ ይፈርዳል፤ ዝርዝሩን ለማየት ማደር ያስፈልጋል። ስለዚህ ፍጥሞ የምትሄዱ እደሩ። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፣ አቴንስ አጠገብ ካለው ከፒሬዎስ ወደብ የመርከብ ጉዞው ረጅም ነው፣ በነፋስ ቀን ሆድ ያገላብጣል። ነጠላ ያላችሁ ያዙ፤ ትከሻ ገልጦ መግባት አይፈቀድም፣ እዚያ ሻርፕ ፍለጋ ከመንከራተትም ያድናል። ከሰዓት በኋላ በሩ ተዘግቶ ብታገኙት አታጉረምርሙ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ማታ መርከቦቹ ሲሄዱ የኾራ ጠባብ መንገዶች ለድመቶቹና ለነዋሪዎቹ ይቀራሉ። እኔ እናትየዋን ዳግም ያየኋቸው ያኔ ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።