የልብ ምቱ የሚቀንሰው ለምን እንደሆነ
ስለ ጽንስ የልብ ምት ያወጣችሁት ጽሑፍ ኦክስጅን ሲያጥር የጽንሱ ልብ ደክሞ ምቱ እንደሚቀንስ ይናገራል። ደሴ ውስጥ ለዓመታት በአዋላጅነት የሠራሁ ነኝና ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ ላይ ምቱ የሚቀንሰው በድካም አይደለም። በአንገት የደም ሥሮች ላይ ያሉ ጠቋሚዎች የኦክስጅኑን መጉደል አውቀው በነርቭ በኩል ልቡን ያዘገዩታል። ወዲያውም የእጅ፣ የእግር፣ የአንጀትና የኩላሊት ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ከኩላሊት በላይ ወዳሉት አድሬናል ዕጢዎች ያደላል። ከእንግዴ ልጅ በእትብት ከሚመጣው ደም ውስጥም ጉበት ሳይገባ በአቋራጭ ወደ ልብ የሚያልፈው ድርሻ ይጨምራል። ገና ያልተወለደ ልጅ ያለችውን ጥቂት እንዲህ አብቃቅቶ መያዙ ዛሬም ያስደንቀኛል!

ሆኖም እጥረቱ ከረዘመ በደሙ ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ ልቡ በእርግጥ የሚደክመው ያን ጊዜ ነው። በብርዳማው የደሴ ሌሊት ማዳመጫውን በመዳፌ አሙቄ እናቲቱ ሆድ ላይ አሳርፋለሁ፤ የምጡ ቁርጠት ጋብ ካለ በኋላም የጽንሱ የልብ ምት በደቂቃ ከ110 በታች ከቆየ በግራ ጎኗ አስተኝቼ ሐኪም እጠራለሁ። እባካችሁ ጽሑፉን አርሙት፤ እናቶች ያነቡታል።