ነዋሪዋ ሚስቴ

ባለፈው ወር መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄድኩ። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ቀና ሳትል ትጠይቀኛለች።

«የትዳር ሁኔታ?»

«ያገባ።»

«ባለቤትህ ነዋሪነቷ የት ነው?»

«ሆስፒታል።»

ቀና አለች። «ውይ! ታማ ነው? እግዜር ይማራት።»

«አልታመመችም። ሐኪም ናት። ሬዚደንት።»

«ሬዚደንት ምንድን ነው?»

«ነዋሪ ማለት ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሱንማ እየጠየቅኩህ ነው። የት?»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ለራሴ አስረድቼ አልጨረስኩም።

ሚስቴ ደሴ ውስጥ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ እየተማረች ነው። ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። አሁን ሁለተኛዋ ላይ ናት፤ በእነሱ አነጋገር «አር ቱ»። አር ዋን እያለች ስለነበረው ዓመት ብዙም አልጽፍም። የማስታውሰው ጀርባዋን ነው፣ በር ስትወጣ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ አጣራሁ። (ብቻዬን ስለማድር የማጣራት ጊዜ ሞልቶኛል።) ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ፣ ባልቲሞር ነው። ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 1889 ተከፈተ። ለደሴ ስም አወጡላት የሚባሉት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት ዓመት መሆኑ ነው። እዚያ ዊልያም ሃልስቴድ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበር። ሰልጣኞቹን እዚያው ግቢ ውስጥ አኖራቸው። እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፣ ከተኙ። ነዋሪ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ትዳር ደግሞ ባይሞክሩት ይመረጥ ነበር። ሰውየው ነገሩ ገብቶት ነበር ማለት ነው! የእኛዎቹ መኖሩን ወስደው አለማግባቱን እዚያው ረስተውት መጡ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሃልስቴድ ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በራሱ ላይ ሲሞክር ሱሱ ይዞት የቀረ ሰው ነበር። እንቅልፍ የማያውቅ ሥርዓት የዘረጋልን ሰው በምን ኃይል ነቅቶ እንደሚያድር ገባኝ። የእኔዋ ያላት ቡና ብቻ ነው።

አሜሪካኖቹ ቆይተው ነቁ። በፈረንጆቹ 2003 ሬዚደንት በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ወሰኑ። ይህን ለሚስቴ ስነግራት ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ሰማንያ?» አለች። «በተረፋቸው ቀን ምን ይሠሩበታል?»

መልስ ሳዘጋጅ እንቅልፍ ወሰዳት። አንድ ጫማ በእግሯ፣ አንድ ጫማ በእጇ።

ወሎ ውስጥ በሦስት ቀን መቁጠሪያ መኖር ብርቅ አይደለም። በኢትዮጵያው ደመወዝ እንጠብቃለን፣ በፈረንጁ ኢሜይል እንጽፋለን፣ ጎረቤታችን ሐጂያ በሂጅራው ይጾማሉ፣ ዒዱን ደግሞ ሁላችንም አብረን እንበላለን። የእኔ ቤት አራተኛ አለው። የእኛ ወር በቅድመ ዱቲ፣ በዱቲ (ሆስፒታል በሚታደርበት ተራ) እና በድኅረ ዱቲ ይከፈላል። ቅድመ ዱቲ ላይ ሚስቴ አለች፣ ሐሳቧ ግን ነገ ላይ ነው። በዱቲ የለችም። በድኅረ ዱቲ ደግሞ አለች፣ ግን የለችም። ብርድ ልብሱ ሥር የሆነ ነገር ሲተነፍስ ካየሁ «መጥታለች» እላለሁ።

ይህን ካላንደር የሚያወጣው የሬዚደንቶቹ አለቃ፣ ቺፍ ሬዚደንት ነው። አይቼው አላውቅም። ግን ከአለቃዬም ከአማቴም በላይ ሕይወቴን የሚመራው እሱ ነው። በባሕረ ሐሳብ የሚቀጥሉትን መቶ ፋሲካዎች ቁጭ ብሎ ማስላት ይቻላል። የሚቀጥለውን ሐሙስ ግን ማንም አያሰላውም። አንዱ ይታመማል፣ አንዱ እህቱን ይድራል፣ አንዱ ለፈተና ይቀመጣል፣ ሰሌዳው ይገለበጣል። የተገለበጠው ሁሉ እኛ ላይ ነው የሚደፋው፤ ሚስቴ «እምቢ» የሚለውን ቃል አልተማረችም፣ ምናልባት አር ስሪ ላይ ይሰጥ ይሆናል።

ዱቲ ባልሆነችበት ቀንስ? እዚያም ዋስትና የለም። የእኔ እራት የሚወሰነው የደላንታዋ ከተማ ወገል ጤና ላይ ነው። ደላንታ ውስጥ አይቼያት የማላውቃት እናት ምጥ ይይዛታል። ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፍላታል። አምቡላንሱ ይነሳል። እኔ ደሴ፣ ሆጤ፣ ሽሮ ጥጄ «ልትደርስ ነው» እያልኩ ሰዓት አያለሁ። እኔ አላውቃትም፣ እሷም አታውቀኝም፤ ሽሮዬ ግን በእሷ ምክንያት ሦስት ጊዜ ይሞቃል። ሦስቴ የሞቀ ሽሮ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጭልፋው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ጨካኝ አልባልና እናትየዋን አልረግማትም። እንዲያውም ምድጃው ላይ ሆኜ እጸልይላታለሁ። «ጌታዬ፣ በሰላም ገላግላት። ከተቻለም ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት።»

ሚስቴ እንደሆን አትራብም። ለአራስ የመጣ ገንፎ እናትየዋ ጋ ብቻ አይቀርም። አስታማሚ እናቶች «ዶክተር፣ ካልቀመስሽማ አይሆንም» ይላሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቴ ሰባት ወልዳ ካሳደገች ሴት የበለጠ ገንፎ በልታለች። ሌሊት ስትመጣ በምን እንደዋለች የምለየው በጠረኗ ነው። አልኮልና ጓንት ከሸተተች ኦፕራሲዮን ነበረ። ቂቤና በርበሬ ከሸተተች በሰላም ተወልዷል።

ሰዓትን በተመለከተ አዲስ ቋንቋ ተምሬያለሁ። «እየወጣሁ ነው» ካለች ገና አልተነሳችም። «ወጣሁ» ማለት ልብስ ልትቀይር አሰበች ማለት ነው። «አንዲት እናት ብቻ ቀረችኝ» ሲባል ስልኩን አስቀምጬ ፊልም እጀምራለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ቀድሞ ያልቃል። «አምስት ደቂቃ» ካለች ግን ልብሴን አውልቄ እተኛለሁ። በእናታችሁ፣ ምጥ በአምስት ደቂቃ ያለቀላት ሴት ታውቃላችሁ?

የሰላምታ ነገርም አለ። ዱቲ ላይ ያለ ሐኪም «ዛሬ ሰላም ነው» ማለት አይወድም። ከተባለ ሟርት ነው፤ በደቂቃ ውስጥ አምቡላንስ ይደረደራል። ችግሩ እኛ ስልክ ስናነሳ የምንለው ይህንኑ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እደውልና «ሄሎ፣ ሰላም ነው?» እላለሁ። «አትበል!» ትጮሃለች። አሁን ለምጃለሁ። ስታነሳው «እንዴት ነው፣ ተተራመሰ?» እላታለሁ። በደስታ «በጣም!» ትላለች። አንድ ቀን ይህን ሰላምታ ታክሲ ውስጥ ስለዋወጥ አጠገቤ የነበሩ ሰውዬ ቀስ ብለው ወንበር ቀየሩ።

ወደ ዕድሩ ልምጣ። ደሴ ሰው የሚለካው በሥራው አይደለም፣ በለቅሶ ነው። ሚስቴ ሦስት ቀብር ቀረች። ዳኛው አስጠሩኝ።

«ባለቤትህ ቅጣት አለባት።»

«ዱቲ ላይ ነበረች፣ ጋሼ።»

«ሁሉም ሥራ አለው። ሰው ሲሞት መገኘት ግዴታ ነው።»

«እሷ እኮ ሰው እንዳይሞት ነው እዚያ ያለችው። ለዕድሩ ገንዘብ እያዳነች ነው።»

ጸሐፊው ሳቁ። ዳኛው አልሳቁም። መዝገቡን ገለጥ አድርገው፣ «ያዳነቻቸው የእኛ ዕድር አባል ናቸው?» አሉ።

«ከደላንታ ናቸው።»

«ታዲያ ደላንታ ይካስህ» አሉና ቅጣቱን ጻፉ። ደረሰኙን ተቀብዬ ልወጣ ስል ዳኛው እስከ በሩ ሸኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የልጄ ሚስት ወሯ ገብቷል። ዶክተርን አንዴ ብታናግርልኝ» አሉኝ። ሰፈራችን እንዲህ ነው። ሚስቴ ለቅሶ ቤትም፣ ክርስትናም፣ ሆስፒታሉ በር ላይም በአንድ ሰዓት እንድትገኝ ይፈልጋል። በሦስቱም ስትጠፋ የሚወቀሰው አንድ ነው፤ ስሙን አልናገርም፣ መታወቂያ ሊያሳድስ የሄደው ሰውዬ ነው።

ሐጂያ ብቻ ናቸው የሚያዝኑልኝ። ሚስቴ ያደረች ቀን ጠዋት በአጥር በኩል ይጠሩኛል። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ብቻህን? አብሽር፣ ና ቡና ጠጣ።» ዱአ ያደርጉልኛል፣ ቂጣ ይሰጡኛል። ከመውጣቴ በፊት ግን ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ያችን ሆስፒታል አይተኻታል?» ይላሉ። «በትክክል እዚያ መሆኗን ማለቴ ነው።» አዝነውልኝ ያሰክኑኛል፣ ጠርጥረው ያቃጥሉኛል። ሁለቱም ከአንድ ጀበና።

ለዚህ ውለታ ሚስቴ አንድ ቅዳሜ ቡና ላፍላላቸው አለች። ድኅረ ዱቲ ነበር። «ተኚ» አልኳት። አልሰማችም። ሃያ አራት ሰዓት ሳይተኛ የዋለ ሰው የሰከረ ሰው ያህል እንደሚፈዝ ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ሚስቴ ጠጅ ቀምሳ አታውቅም፣ ግን ያን ቀን ስልኳን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትታ ቲማቲሙን ቻርጅ ልታደርግ ምንም አልቀራትም። ሐጂያ መጡ፣ ዕጣኑ ጨሰ፣ ቄጤማው ተጎዘጎዘ። አቦሉ ተቀዳ። አንዴ ፉት አልኩና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ስኳር መስሏት ጨው ጨምራበታለች። ደግሞ ቁንጥር ብቻ አይደለም።

ሐጂያን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው። ፉት አሉ። ዝም አሉ። ደግመው ፉት አሉ።

«ያ አላህ» አሉ ሲኒውን እያዩ። «እናቴ እንዲህ ነበረች የምታፈላው። በጨው! የዛሬ ልጅ ይህን ከየት ያውቃል?» ተነሥተው ግንባሯን ሳሙት። ሚስቴ ምን እንደተመሰገነች አልገባትም፣ ቁጭ እንዳለች ተኝታለች። ቶናውንም በረካውንም የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ በጨው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሆስፒታሉ ጠይቀውኝ አያውቁም። አሁን የእኔ ችግር ስኳር ያለው ቡና ማግኘት ሆኗል።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ነፃ ተገኘች። እንደ ሎተሪ ነው የወጣልን። ክረምት ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቧል፣ ደሴ ጥርስ ታንቀጫቅጫለች። «ኮምቦልቻ ወርደን ፀሐይ እንሙቅ፣ ምሳ እንብላ» አልኳት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን በሐረጎ እየተጠማዘዘ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወርድ ሹራብ ለብሰህ ተሳፍረህ በሸሚዝ ትወርዳለህ። ሚኒባስ ያዝን። ስለ ልጅ መውለድ ላነሳባት አስቤ ነበር፤ የእኛን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ዞር ስል ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ሐረጎን በሙሉ ሳልንቀሳቀስ ወረድኩ፤ ትከሻዬ ደነዘዘ።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ «ወራጅ አለ!» ተባለ። መኪናው ቆመ፣ በሩ ግን እምቢ አለ። ለካ ረዳቱ ጋቢና የተቀመጠው በሩ ችግር ስላለበት ነው። ወርዶ ከውጭ ይጎትታል። በሩ አጠገብ ያለች ደልደል ያለች ሴትዮ ከውስጥ በሁለት እጇ ትገፋለች።

«እህህህ!» አለች ሴትዮዋ።

ትከሻዬ ላይ ያለው ጭንቅላት ተንቀሳቀሰ። ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው።

«ጎበዝ!» አለች ሚስቴ፣ መኪናው ሙሉ በሚሰማ ድምፅ። «በርቺ! ትንፋሽ ሳቢ። አዎ። አሁን ግፊ! ግፊ! እንዳታቋርጪ!»

ሴትዮዋ ክው ብላ ዞር አለች። ግን ድምፁ የሚታዘዙት ዓይነት ነው። ትንፋሽ ሳበች፣ ገፋች፣ አላቋረጠችም። በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ።

«ተገላገልን!» አለ ረዳቱ ላቡን እየጠረገ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ ከኋላ አንድ እናት።

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ሚስቴ ዓይኗን አልገለጠችም።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።

«አምስት ሰዓት ከሩብ።»

«መዝግቡት» አለችና ትከሻዬ ላይ ተመልሳ ተኛች።