ሳይንስንና ጥበብን ለያይታችሁ አታስተምሩ

ወገኖቼ፣ ልጆቻችንን በዲጂታል መሣሪያ እናስተምራለን ብለን የምናጠፋውን ጥፋት እያየን ዝም ልንል አይገባንም። ኮምፒውተሩ በእርዳታ ወይም በወላጅ መዋጮ ይገባል፤ ክፍሉ በድምቀት ይመረቃል፤ ከዚያ «ንብረት እንዳይበላሽ» ተብሎ ይቆለፋል። የክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ደግሞ ፈተና በቀረበ ቁጥር ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። መሣሪያውን ለጌጥ፣ ጥበቡን ለጨዋታ አድርገን ቈጥረናቸዋልና ልጆቹ ከሁለቱም ሳይጠቀሙ ይቀራሉ።

መሣሪያ ብቻውን እንደማያስተምር በውድ ዋጋ የተማርን ሕዝብ ነን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ሲጀምር፣ የስክሪኑ አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ሲያልፍ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው፤ በክፍሉ ያለው መምህርም ለመግቢያና ለማጠቃለያ የተተወለትን ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ታብሌትና ስማርት ሰሌዳ ስትገዙ መምህሩን ዳግመኛ ተመልካች አታድርጉት።

ይልቅስ መሣሪያው በተማሪው እጅ ይግባ፣ መምህሩም ጠያቂ ይሁን። በጀርመን የአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ የተባለ ነፃ መተግበሪያ፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት የስልኩን ማይክሮፎን የድምፅ ድግግሞሽ መለኪያ ያደርገዋል። አንድ ተማሪ ማሲንቆ ይምታ፣ ሌላው ስልኩን አጠገቡ ይያዝ፣ ሦስተኛው የክሩን ርዝመት በማስመሪያ ይለካ። ጣት ያልነካው ክር 220 ኸርዝ (በሴኮንድ 220 ንዝረት) ቢያሳይ፣ ጣት ርዝመቱን በግማሽ ሲያሳጥረው ቁጥሩ ወደ 440 ይጠጋል፤ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሲቀር ወደ 330። ልክ 440 አለመምጣቱም ራሱ ትምህርት ነው፤ ጣት ክሩን ሲገፋ ይበልጥ ይወጥረዋልና። ከሙዚቃ ቅኝቶቻችን ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ የሚለየው በድምፆቻቸው መካከል ያለው ርቀት መሆኑን ልጁ እዚያው በጆሮው ይሰማል፣ በዓይኑ ያነባል። ይህ ፊዚክስ ነው ወይስ ሙዚቃ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ ጥያቄው የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም አውጪው እንጂ የልጁ አይደለም።

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ የተቀረጹትን አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ መስቀሎችም ጂኦጀብራ በተባለው ነፃ ፕሮግራም አንዱን ክንድ ስሎ በ90 ዲግሪ እያዞሩ መሥራት ይቻላል።

ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ገንዘብ የለንም አትበሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ መምህር ስልክና ከአካባቢው ሙዚቀኛ የሚዋሱት ማሲንቆ ነው። የጎደለው የሒሳብ፣ የፊዚክስና የሙዚቃ መምህራን አብረው የሚገቡበት ክፍለ ጊዜ ስለሆነ፣ እሱን በፕሮግራሙ ላይ አስፍሩ። ወላጆችም በሚቀጥለው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ስንት ኮምፒውተር እንደተገዛ መጠየቁን ትታችሁ፣ ልጆቹ በዚህ ወር በኮምፒውተሩ ምን እንደሠሩ ጠይቁ፤ ሥራቸውንም አሳዩን በሉ።