ይድረስ ለክቡር አቶ መዘግየት፣ ካለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ጎማ ካልመጣለት የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ፣ ቀብዱ ተከፍሎ የውሃ ሽታ ከሆነ ፉርጎ እና መልስ ካጣ ኢሜይል በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ። መጀመሪያ አንቱ ልልህ አስቤ ነበር። ኋላ ግን አብረን የኖርነውን ዘመን ሳስበው አንቱታው ባዳ ማድረግ መሰለኝ። ከዘመድ አዝማድ ሁሉ በላይ ቤቴ የምትመላለሰው አንተ ነህ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላድንቅልህ። ሌላ ቦታ ሰው ለማስጠበቅ መርከብ ማጋደም፣ ወደብ መዝጋት ይጠበቅብሃል። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችውን መርከብ ስዊዝ ቦይ ውስጥ አግድም ሰክተህ ለስድስት ቀን መንገዱን ስትዘጋ አይተንሃል። ያኔ ለፍተሃል፣ አንክድም። የሞዴል ባቡር ኪት፣ ማለትም ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን የተፈታታ ዕቃ፣ ለማዘግየት ግን ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግህም። እዚህ ያለው አንድ ሰው ነው። ሥዕሉን የሚሠራው እሱ ነው። ከረጢቱን የሚያሽገው እሱ ነው። ኢሜይል የሚመልሰው እሱ ነው፣ የማይመልሰውም እሱ ነው። አንዳንዱ ጡረታ ከወጣ በኋላ የጀመረው ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከመደበኛ ሥራው ሲመለስ ማታ ማታ ነው የሚሠራው። ይህን ሰው አንድ ጉንፋን ካስያዝከው ድርጅቱ በሙሉ፣ ከሽያጭ ክፍሉ እስከ ሒሳብ ክፍሉ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ ማለት ነው።

ደግሞ ሙያ አለህ። ዋናውን ዕቃ አትነካም። የሎኮሞቲቩ አካል የሚወጣበት የናስ ሉህ አለ፤ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ሥዕሉ በፊልም ከፊትና ከኋላ ይደረግበታል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይመታል፣ ከዚያ ፌሪክ ክሎራይድ ይረጭበታል። የማይፈለገው ተበልቶ ሲያልቅ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የመሰላሉ እርከን፣ የሪቬቱ ነጠብጣብ ሳይቀር እንደ ዳንቴል ቁልጭ ብሎ ይቀራል። እሱን በሰዓቱ ታደርሰዋለህ። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ ሲያምር! አንተ የምትይዘው ጭስ ማውጫውን ነው። አውራ ጣት የማታህል፣ ከነጭ ብረት ተቀልጣ የምትወጣ፣ ከኪቱ ዕቃ ሁሉ ርካሿን። ቅልጡ ብረት የሚፈስበት የላስቲክ ቅርጽ ማውጫ እየተሽከረከረ ነው የሚሠራው። ሙቀቱ እየደጋገመው ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። አዲስ ለመሥራት የመጀመሪያው ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናው ያለው ደግሞ ሥራ ያቆሙ አንድ ሰውዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰውዬው ቤት ቀይረዋል። መሳቢያው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አየህ? በአንዲት ጭስ ማውጫ ሙሉውን የምርት ዙር አስቆምክ።

ታዲያ ኪት ሠሪው ሲጠየቅ "ከአቅራቢያችን እየጠበቅን ነው" ይላል። አቅራቢው ሲጠየቅ እሱም ከአቅራቢው እየጠበቀ ነው። ሉሁን በአሲድ የሚያስቆርጡበት ፋብሪካ ዋና ደንበኞቹ ኤሌክትሮኒክስ ሠሪዎችና የአውሮፕላን ዕቃ ሠሪዎች ናቸው። በዚያ ሰልፍ ላይ ሁለት ሉህ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ቀድሞት የሚገባው ሁሌም ሌላ ሰው ነው።

ወደ ጎማው እንምጣ፤ እጅህ የሚረዝመው እዚህ ላይ ነው። ከኪቱ ክዳን ጥግ በደቃቅ ፊደል "ጎማ፣ ሞተርና ካምቢዮ አይጨምርም" የምትል ነገር አለች። ያቺን የጻፍካት አንተ ራስህ ሳትሆን አትቀርም። ጎማ ስንል ደግሞ ክብ ከሆነ ይበቃል የሚባል ነገር አይደለም። ዲያሜትሩ ልክ መሆን አለበት። ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚዘረጉት ቀጫጭን ክንዶች ቁጥራቸው ከእውነተኛው ጋር መግጠም አለበት። ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት የሚታሰርባት ፒን በአንዱ ክንድ ትይዩ ትሁን ወይስ በሁለቱ መሃል የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ ሰው ሊኳረፍበት ይችላል። በዚያ ላይ የሐዲዱ ስፋት አለ። በ1፡76.2 መጠን የሚሠራ ሰው የእውነተኛውን ባቡር 1435 ሚሊሜትር ሲያሳንሰው የሚያገኘው 18.83 ሚሊሜትር ነው። አብዛኛው ግን በ16.5 ነው የሚነዳው፣ ትንሽ የቆረቆረው 18.2 ይላል፣ እልኸኛው ደግሞ 18.83 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ስለዚህ ለአንድ ሎኮሞቲቭ ሦስት ዓይነት አክስል ማለት ነው። ጎማ ሠሪው ምን ያድርግ? ሁሉንም ዓይነት መደርደሪያ ላይ ደርድሮ መቀመጥ አይችልም። የአንዱ ዓይነት ትዕዛዝ እስኪጠራቀም ይጠብቃል፣ እኛ እሱን እንጠብቃለን፣ ኪት ሠሪው ሁላችንንም ይጠብቃል። ማንንም የማትጠብቀው አንተ ብቻ ነህ።

ተሳካልኝ ብሎ ዕቃው ፖስታ ቤት ሲገባ ደግሞ ጉምሩክ ውስጥ ወንበር ስበህ ተቀምጠህ ታገኘዋለህ። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ ያልበለጠ ዕቃ ያለ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚገባበትን ፈቃድ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አነሳ። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር የነበረውን የቀረጥ ነፃ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 መጨረሻ ለሁሉም አገር አቆመች። ለትልቅ ነጋዴ አንድ ተጨማሪ ፎርም ነው። አንድ ፖስታ ዘንግና ማርሽ ለሚልክ ሰውዬ ግን ማታውን በሙሉ የሚበላ ጣጣ ነው። አንዳንዱ "ወደ ውጭ አገር አልልክም" ብሎ ገላገለን።

ስለ ወንድምህም ላንሳ። ታላቅ ወንድምህን አቶ መቅረትን ማለቴ ነው። ጃፓን ውስጥ ማሺማ የሚባል ትንንሽ ሞተር የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ የኪት ሎኮሞቲቭ የሚገጣጥም ሰው ስሙን ከልጁ ስም እኩል ያውቀዋል። አንድ ቀን ቆመ። ሞተሩ ብቻ አይደለም የቀረው። ካምቢዮውም፣ የሞተሩ መቀመጫም፣ የቦይለሩ ውስጥ ክፍተትም በእሱ ልክ ተስሎ ነበርና ብዙ ሥዕል እንደ አዲስ መነካካት ነበረበት። አልፕስ የሚባለውን፣ ነጭ ቀለም ማተም የሚችለውን የኮምፒውተር ማተሚያም ወንድምህ ወሰደው። የፉርጎ ቁጥርና ጽሑፍ በዲካል፣ ማለትም ፉርጎው ላይ በሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ የሚያትሙ ትንንሽ ሠሪዎች ከዚያ ወዲህ ያረጀ ማሽን እያስታመሙ፣ ቀለሙን ከየጓዳው እየለቀሙ ነው የቆዩት።

ሰው ሁሉ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል እያለ አንተን ይመርጣል። እኔ አልመርጥም። አቶ መቅረት ቢያንስ ቁርጥህን ይነግርሃል። ታዝናለህ፣ ትሳደባለህ፣ ከዚያ ሌላ ሞተር ትፈልጋለህ። አንተ ግን "በሚቀጥለው ሳምንት" ትላለህ። የቱ ሳምንት? የሚቀጥለው። እሱ ሲደርስ ደግሞ እሱን የሚቀጥለው። ሌላ ቦታ እንዳላዝ አስረህ ትይዘኛለህ፣ እንዳልናደድ ተስፋ ትሰጠኛለህ። ኪቱ ሳይመጣ የኪቱ ፎቶ ደጋግሞ ይመጣል፤ አንድ ናሙና፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ያውም ከጥሩ ጎኑ ብቻ የተነሳ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ይሉኝታን እንዴት አድርገህ እንደቀጠርካት ነው። ሠሪው ያፍራል። ዕቃው አለመምጣቱን መናገር ከብዶት ኢሜይሉን ሳይከፍት ያልፈዋል። በሁለተኛው ጊዜ የሚያፍርበት ሁለት ነገር ይሆናል፣ በሦስተኛው ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ። ደንበኛውም ያፍራል። ሰውዬው ደግ ሰው እንደሆነ ያውቃል፣ ኤግዚቢሽን ላይ አግኝቶት ስለ ብየዳ ቆሞ ያስረዳው ሰው ነው፣ እንዴት ብሎ ገንዘቤን መልስ ይበለው? ሁለቱ ሲተፋፈሩ አንተ መሃላቸው ላይ እግርህን ዘርግተህ ትቀመጣለህ። አንተን ከቤት ለማስወጣት የሚበቃው ደግሞ ይህቺ ናት፦ "ጎማው አልመጣም። መቼ እንደሚመጣም አላውቅም። ገንዘብህን ከፈለግክ እመልሳለሁ።" አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን የሚጽፉ ሠሪዎች አሉ፤ እንዲያውም ዕቃው እጃቸው እስኪገባ ሳንቲም የማይቀበሉ አሉ። እነሱ ጋ ስሄድ አንተን ባገኝህም ሰላም እልሃለሁ። ያልሠራውን ኪት ሙሉ ዋጋ ተቀብሎ በዚያ ብር የቀድሞውን ትዕዛዝ ዕቃ የሚገዛው ግን ሌላ ነው። እሱ ያንተ ተጠቂ አይደለም፣ ሸሪክህ ነው።

በየማለዳው "የት ደረሰ?" እያለ የሚጽፈውንም ወዳጄን አልምረውም። ያ አንድ ሰው ማታ ማታ ያለችውን ሰዓት መልስ በመጻፍ ከጨረሳት ከረጢቱን ማን ያሽግ?

ለማንኛውም መልካምነትህንም መመስከር አለብኝ። የሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ያሉት ያልተከፈቱ ኪቶች ለምን እንዳልተገጣጠሙ ቤት ውስጥ በተጠየቅኩ ቁጥር ያንተን ስም ነው የምጠራው። ብዙዎቹ ዕቃቸው የተሟላ ነው፣ ይህ በኔና ባንተ መካከል ይቅር።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለመስጠት አትቸኩል። መቼም አትቸኩልም።

ከሰላምታ ጋር፣
ጎማ ጠባቂው

ግልባጭ፦
ለአቶ መቅረት፣ ለመረጃ ያህል
ለአቶ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ባሉበት
ለወይዘሮ ጭስ ማውጫ፣ ሲደርሱ