ደረሰኝን ለሚጸየፍ ባለሙያ የቀረበ ውዳሴ

በሀገራችን ካሉ የእጅ ባለሙያዎች መካከል ምስጋና ሳይቸረው የኖረ አንድ ለጋስ አለ፤ እርሱም መሣሪያውን ያለ ደረሰኝ ገዝቶ፣ ግብር ማሳወቂያው ሲደርስ «ወጪዬን ውድቅ አደረጉብኝ» እያለ የሚያማርረው ባለ ብየዳ ቤት ነው። የበር ፍሬም ሲገጥም ሚሊሜትር የማይስት ይህ ሰው፣ የገዛ ገንዘቡ ላይ ሲደርስ ግን እንዲያ ያለ ንፉግነት አያውቅም።

በቀደም ከአንዱ ወዳጄ ጋር መርካቶ ወርደን ነበር። የብየዳ ማሽን ዋጋ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ የሽያጭ መመዝገቢያውን በጨርቅ እንደሸፈነ፣ «ወንድሜ፣ በደረሰኝ 46 ሺህ፣ ያለ ደረሰኝ 40 ሺህ» አለው። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ እንዲሉ፣ ተያይተው ፈገግ አሉ። ወዳጄ ማሽኑን አሸክሞ ሲወጣ፣ ከመንግሥት ካዝና 6 ሺህ ብር ማርኮ የተመለሰ ይመስል አረማመዱ ሳይቀር ተለውጦ ነበር።

እኔ ምቀኛው ማታ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ወዳጄ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ስለሆነ፣ ደረሰኝ ቢይዝ ኖሮ ያቺ 6 ሺህ ብር፣ ማለትም በ40 ሺሁ ላይ የታከለችው የታክሱ 15 በመቶ፣ ከደንበኞቹ ከሚሰበስበው ታክስ ላይ ትካካስለት ነበር። 40 ሺሁም ቢሆን ሜዳ ላይ አይቀርም፤ የገቢ ግብር ሕጉ እንዲህ ያለውን ንብረት በቀጥተኛው ስሌት በዓመት 15 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ስለሚፈቅድለት፣ በየዓመቱ 6 ሺህ ብር ከሚታሰብበት ትርፍ ላይ ይነሣለት ነበር። ትርፉ 35 በመቶ የሚከፈልበት እርከን ውስጥ የገባ እንደመሆኑ፣ የማሽኑ ዋጋ ተቀንሶ እስኪያልቅ ድረስ በጠቅላላው የ14 ሺህ ብር ግብር ይቀርለት ነበር ማለት ነው። ባለሱቁ የሽያጭ ገቢውን ሰወረ፤ ወዳጄ ደግሞ የባለሱቁን ምስጢር ለመጠበቅ 14 ሺህ ብር ከፈለ። እንዲህ ያለ ወንድማማችነት ዛሬ የት ይገኛል! (ተቀጥሮ የሚሠራው በያጅ እንኳ መጋዝና መሮ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ የደረሰኝ ክምር ቢያቀርብ ከደመወዝ ግብሩ ላይ የሚቀነስለት የለም፤ ወዳጄ ግን መብቱ በእጁ እያለ ነው በፈቃዱ የመነነው።)

ደረሰኝ ጨርሶ አይወድም ማለት ግን ሐሜት ይሆናል። ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ፌስታል ሙሉ ይዞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዘንድ ሄደና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈላት። የሳሎኑ ሶፋ «የደንበኛ ማረፊያ»፣ ባለ 55 ኢንቹ ቴሌቪዥን «የንድፍ ማሳያ»፣ ከዘመድ ሠርግ የተረፈው የቢራ ደረሰኝ ሳይቀር «የሥራ ማስኬጃ» ሆኖ ተሰልፏል። ሕጉ የግል ፍጆታ ወጪ አይቀነስም ማለቱ፣ የዚህን ሰው የፈጠራ ችሎታ ካለማወቅ የመጣ መሆን አለበት። ሒሳብ ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ወረቀት ገልበጥ እያደረገች አይታ ስታበቃ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ «ጋሼ፣ የብየዳ ማሽኑ ደረሰኝስ?» ብላ ጠየቀችው።

«እሱማ ሥራ ላይ ነው» አላት።