ድስቱ በሁለት ጉልቻ

እንደ አሜሪካ መራጭ ታጋሽ ፍጡር አላየሁም። ጻድቁ ኢዮብ እንኳ የተፈተነው አንዴ ነው። አሜሪካዊው በየአራት ዓመቱ ይፈተናል፤ ለዚያውም ቁስሉን ራሱ መርጦ፣ ተሰልፎ፣ ደረቱ ላይ ስቲከር ለጥፎ። ሌላው ዓለም ሲያማው ነው የምሰማው። ዛሬ እስቲ እኔ ላመስግነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ምርጫውም የፈረንጅ ነው።)

እናቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ነው። በሁለት የጣደች ሴት ሰምቼ አላውቅም። አሜሪካ ግን ትጥዳለች። ከ1853 ወዲህ ዋይት ሀውስ የገባው ሁሉ ወይ ዲሞክራት ነው፣ ወይ ሪፐብሊካን። በምልክታቸው ስንጠራቸው ወይ አህያው፣ ወይ ዝሆኑ። ድስቱ አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ወጡ ይደፋል፣ ቤተሰቡ ይቃጠላል። ቤተሰቡም በድስቱ ይናደዳል፣ በወጡ ይናደዳል፣ በጭሱ ይናደዳል። ሲበርድለት የግራውን ጉልቻ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዞርና መልሶ ይጥዳል። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ያለው ሰው እዚህ አገር ቢመጣ ግሪን ካርድ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ማስጠንቀቂያ አልሰማንም እንዳይሉ ደግሞ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1796 በስንብት ደብዳቤው የፓርቲ ነገር ተጠንቀቁ ብሏቸዋል። እነሱም አከበሩት። ስሙን ለከተማው ሰጡ፣ ምክሩን ለነፋስ።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ልውሰዳችሁ። ዋሽንግተን መሀል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረን ነው የምንሠራው። ዕድሜው ስድሳን ተሻግሯል፣ ሜሪላንድ ይኖራል፣ ሁለቱንም ፓርቲዎች እኩል ይጠላል። እኩል ስል የምሬን ነው። ጠዋት አንዱን ከሰደበ ከሰዓት ሌላውን ካልሰደበ ምሳው አይፈጭለትም።

ጁን 27 ቀን 2024 ማታ ባይደንና ትራምፕ አትላንታ ላይ ሲከራከሩ ተረኞች ነበርን። ስልኩን የቡና ኩባያ ላይ አስደግፎ ጠባቧ የመስታወት ክፍላችን ውስጥ አየን። አንዱ 81 ዓመቱ ነው፣ ሌላው 78። አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሀል መንገድ ላይ ይጥለዋል። ሌላው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች በጎልፍ ማን ይበልጣል ብለው ገጠሙ። የዓለም ትልቁ የኒውክሌር ቁልፍ ማን እጅ ይግባ ተብሎ ነው እኮ የተቀመጥነው! ባልደረባዬ ስልኩን በፊቱ ደፋውና ማለ። «በቃኝ። ዘንድሮ ከሁለቱ ፓርቲዎች ላንዳቸው ድምፅ ብሰጥ እጄ ይቆረጥ!» (የማለው በእንግሊዝኛ ነው። እጅ መቁረጡን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ፊቱ ግን እሱን ነው የሚለው።)

አመንኩት። ለምን አላምነውም? ብቻውን አይደለም። በ2023 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል አሜሪካውያንን ሲጠይቅ፣ ስለ ፖለቲካ ሳስብ ሁሌም ወይም ብዙ ጊዜ ድክም ይለኛል ያለው 65 በመቶ ነበር። ተስፋ ይሰማኛል ያለው 10 በመቶ። በዚያው ዓመት ጋሉፕ የተባለው አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት ባሰባሰበው 43 በመቶው «እኔ የማንም አይደለሁም፣ ነፃ ነኝ» አለ። ለሁለቱ ፓርቲዎች 27፣ 27 ደረሳቸው። ይህን ያየ የውጭ ሰው ዝሆኑም አህያውም ጓዛቸውን ሊጠቀልሉ ነው ብሎ ያስባል። በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ ከተሰጠው ድምፅ 98 በመቶው ለነዚሁ ለሁለቱ ገባ። ይኼ ነው ነፃነት! እስከ ምርጫ ጣቢያው በር ድረስ ነፃ ነህ፤ ከበሩ ወዲያ ግን ቤትህ ነው፣ ታውቀዋለህ።

ባልደረባዬ ሦስተኛ ጉልቻ ሞክሮ አያውቅም እንዳትሉ። ሞክሯል። በ1992 ሮስ ፔሮን መርጧል። ስለ ፔሮ ሲያወራ የመጀመሪያ ፍቅረኛውን እንደሚያስታውስ ሰው ድምፁ ይለሰልሳል። አጭሩ የቴክሳስ ቢሊየነር በራሱ ገንዘብ የቴሌቪዥን ሰዓት ገዝቶ፣ በእጁ ዘንግ ይዞ፣ የበጀት ጉድለትን በሰንጠረዥ ያስረዳ ነበር። ጁላይ ላይ ከውድድሩ ወጣ፣ ኦክቶበር ላይ ተመለሰ። እንዲያም ሆኖ ከመራጩ ወደ 19 በመቶ የሚጠጋው ሰጠው። ፕሬዚዳንቱን በመጨረሻ ከሚመርጠው ከኤሌክቶራል ኮሌጁ 538 ድምፅ ስንት አገኘ? ዜሮ። ምክንያቱም በሁሉም ክልል ማለት ይቻላል አንደኛ የወጣው ሁሉንም ይጠቀልላል፤ በየቦታው ሦስተኛ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን ይገባል። ባልደረባዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ልቡ እዚያ ነው የተሰበረው።

ከዚያ ደግሞ የ2000ው ፍሎሪዳ መጣ። ሪፐብሊካኑ ቡሽ ዲሞክራቱን ጎርን የበለጠው በ537 ድምፅ ነው፤ ዋይት ሀውስም በዚያችው ሄደ። ራልፍ ኔደር የሚባለው ሦስተኛ ሰውዬ እዚያው ፍሎሪዳ ላይ ከ97 ሺህ በላይ አግኝቶ ነበር። ይኸው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ሦስተኛ ጉልቻ ተሸክሞ ብቅ የሚል ሰው ሁሉ «ድስቱን ልትሰብርብን ነው!» ተብሎ ይባረራል። የሁለቱ ፓርቲ ሰዎች በምንም የማይስማሙ ይመስላችኋል። በዚህች ይስማማሉ።

በጣም የማደንቀው ግን ይህን ነው። ሜሪላንድ ከ1992 ጀምሮ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ ሰጥታ አታውቅም። ውጤቱ ሳይመረጥ ይታወቃል። ባልደረባዬ ለሦስተኛ ቢሰጥ፣ ለአራተኛ ቢሰጥ፣ የአክስቱን ስም ጽፎ ቢያስገባ ድስቱ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ብዬ ስነግረው እንዴት አየኝ መሰላችሁ! «ድምፄን አላባክንም» አለኝ። ሠላሳ ዓመት እያማረረ የሰጠውን ድምፅ ማለቱ ነው። ቆጣቢ ሰው ደስ ይለኛል።

ኔቫዳ ብቻ ነች ትንሽ ዓይን አውጣ። እዚያ የምርጫ ወረቀቱ ላይ «ከነዚህ እጩዎች ማንንም አልመርጥም» የሚል አማራጭ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታተማል። በፌብሩዋሪ 2024 የሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ (የፓርቲ እጩ የሚለይበት ምርጫ) ላይ የትራምፕ ተፎካካሪ ኒኪ ሄሊ ተወዳደረች፤ ትራምፕ ፓርቲው በሌላ በኩል ባዘጋጀው ጉባኤ ስለገባ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሄሊ ወደ 30 በመቶ አገኘች። «ማንንም» 63 በመቶ። አስቡት፤ ማስታወቂያ የለው፣ ሚስት የለው፣ ጎልፍ አይጫወት። በሰፊው አሸነፈ! ችግሩ ሕጉ ላይ ነው። «ማንንም» አንደኛ ቢወጣም አሸናፊ የሚባለው ከስም ባለቤቶቹ ብዙ ያገኘው ነው። ተቃውሞህ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ተመስግኖ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

የኛ ሰው ከዚህ በረከት አልተካፈለም እንዳትሉኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምጠጣበት ቤት አንድ ጋሼ አሉ። ኦክቶበር 2020 ላይ ትራምፕ በስልክ ሲነጋገር ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው ትችላለች ሲል ሲኒያቸው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። «ከእንግዲህ ዲሞክራት ነኝ፣ እስከ መቃብሬ!» አሉ። መቃብሩ አንድ ዓመት አልሞላውም። በ2021 ባይደን በጦርነቱ ሰበብ የማዕቀቡን ትዕዛዝ ፈረመ፣ ኖቬምበር ላይም ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ተነገረ። በዚያ ሰሞን ቨርጂኒያ ውስጥ ለሪፐብሊካኑ የገዢነት እጩ ለያንግኪን የሚቀሰቅስ ሀበሻ ስንቱ ነበር! ጋሼም ወንዝ ማዶ ላሉት ዘመዶቻቸው ስልክ ሲደውሉ ዋሉ። እኔ ጋሼን አልፈርድባቸውም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ተብለው ነው ያደጉት። እሳቸው ግን ሁለቱም ባላ በተነቀለ ቁጥር ነው የሚንጠለጠሉት።

የኮንግረሱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ኮንግረስን ወድጄዋለሁ የሚለው ብዙ ጊዜ ከአምስት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። በየሁለት ዓመቱ ግን ድጋሚ ከሚወዳደሩት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከአሥሩ ዘጠኝ የሚበልጡት ወንበራቸው ላይ ይመለሳሉ። ነገሩ ቀላል ነው። ሌቦቹ የሌላ ሰፈር ተወካዮች ናቸው። የኛ ሰፈሩ ደህና ልጅ ነው፤ አምና ለቀብር መጥቶ ነበር።

አንድ ቀን ባልደረባዬን ክፉ ጥያቄ ጠየቅሁት። «እነዚህን ሁለት ሰዎች ማን አመጣብህ?» ዝም። «ሜይ ላይ ሜሪላንድ ቅድመ ምርጫ ነበር፣ ሄድክ?» ሥራ ነበረኝ አለ። እውነቱን ነው፤ የፈረቃው ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ነው። በ2020ስ? ዝናብ ነበር መሰለኝ። በ2016? ቅድመ ምርጫ መኖሩን እንኳ ትዝ አይለውም። ጉልቻው የሚመረጠው በጸደይ ነው። ብዙው ሰው ያኔ ድርሽ አይልም። የሚመጣው ድስቱ ከተጣደ በኋላ፣ ኖቬምበር ላይ፣ «ይኼን ድንጋይ ማን አመጣው?» እያለ ነው። እንዲህ ካልሆነማ ምሬቱ ከየት ይመጣል? አንድ ሕዝብ ምሬቱን ጠብቆ ለማቆየት እንዲህ ሲጠነቀቅ ያስቀናል።

ምሬቱ ደግሞ ሥራ ፈጣሪ ነው። ጁላይ 21 ባይደን ከውድድሩ ሲወጣና ምክትሉ ሃሪስ ስትተካ ባልደረባዬ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው መሰለ። ሲያፏጭ ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ቴክስቱ ጀመረ። «ወዳጄ፣ እስከ እኩለ ሌሊት 5 ዶላር ካልላክህ አለቀልን» ይላል አንዱ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላው ወገን ያንኑ ይላል፤ 5 ዶላሯ እንኳ አትለወጥም። ሁለቱም ወዳጁ ናቸው። ሁለቱም የሚያልቁት እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስልኩ በመኪና ቁልፎቹ መሀል ሲንቀጠቀጥ እናመሻለን።

ኖቬምበር 5 ማክሰኞ ዋለ። ለምን ማክሰኞ ትሉ ይሆናል። ቀኑ በሕግ የተወሰነው በ1845 ነው፤ ገበሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ሰኞ በጋሪ ተጉዞ፣ ረቡዕ ገበያ ሳያመልጠው እንዲመርጥ ተብሎ። ገበሬው ሞቷል፣ ጋሪውም የለም፣ ማክሰኞዋ ግን አለች። ባልደረባዬ ያን ቀን አርፍዶ ገባ። ጃኬቱ ላይ «ድምፅ ሰጥቻለሁ» የምትል ስቲከር ተለጥፋለች። እጁን አየሁት። አልተቆረጠም።

«ማንን መረጥክ?» አልኩት።

ማንን እንደመረጠ አልነገረኝም። ማንን እንዳልመረጠ ግን ሦስት መኪና እስክናስወጣ ድረስ አስረዳኝ። «የባሰ እንዳይመጣ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። በ2020ም የባሰ እንዳይመጣ ነበር፣ በ2016ም የባሰ እንዳይመጣ ነበር። ይኼ የባሰ የሚባለው ሰውዬ አንድ ቀን ራሱ ቢወዳደር ማን እንደሚያሸንፈው እንጃ።

ሁለት ሰዓት ገደማ መኪናው ሲቀንስ ስቲከሯን ከጃኬቱ ላይ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ አነሳ። ክፍላችን መስታወት ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ሥር፣ የሱ መደዳ አለ። የ2016ቷ ፀሐይ አንጥቷት ጽሑፏ ጠፍቷል። የ2020ዋ ጫፏ ተገልብጧል። አዲሷን አጠገባቸው ለጠፈና በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ተጫናት።

እኔም በጁኑ ክርክር ማታ ሳልናገር በሆዴ ምዬ ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጠዋት ማንም ሳያየኝ የደበቅኳት አለች፤ ተጣጥፋ ከቁልፌ ጋር ተጣብቃለች። አላቅቄ ሳወጣት ባልደረባዬ አየኝና ምንም አላለም። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ከሱ ሥር ልለጥፍ ስል ግን ክንዴን ያዘኝ።

«እዚያ አይደለም፣ ወደ ጎን አድርጋት» አለ። «እሱ ለ2028 ነው።»