ኤስዋን መልሱልኝ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ተመረቀ። ጋዋኑን ለብሶ አበባ ታቅፎ የተነሳውን ፎቶ እናቱ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው፣ ከዛ ምን ልበላችሁ፣ ኮንግራ፣ ኮንግራ፣ ኮንግራ፣ አንዷ ደሞ የተማርኩ ነኝ ብላ ሙሉውን በእንግሊዝኛ ፊደል ኮንግራቹሌሽን ብላ ጻፈች፣ ኤስ የለውም! አላስችል ብሎኝ «ኤስ አለው እኮ» አልኩ። ዝም። ቆይታ ልጅቷ «ጋሼ ደሞ ሲያካብዱ» ብላ የምትስቅ ድመት ላከችብኝ።

ማካበድ አይደለም። ይቺ ቃል ሰው ደስ ሲለው የምትባል ከሆነ ያለ ኤስ አትወጣም፣ ልክ እንደ ታንክስ። ብታሳጥራት እንኳ ኮንግራትስ ነው። ያለ ኤስ ስትጻፍ የድርጊቱ ስም ናት፣ ለተመራቂው «ደስታ መግለጽ» ብሎ ጽፎ እንደመሄድ በሉት።

እኔ ይሄን ያወቅኩት በግማሽ ማርክ ነው። ስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ኢንፎርሜሽን ላይ ኤስ ጨመርክ ብሎ ግማሽ ቆረጠኝ፣ እዛው ወረቀት ላይ ኮንግራቹሌሽንስ ላይ ኤስ ረሳህ ብሎ ሌላ ግማሽ። ያቺኑ ኤስ ከላይ አንስቶ ታች ቢለጥፋት እኮ ሁለታችንም ሰላም ነበርን! በአንድ ማርክ አራተኛ ወጣሁ፣ የደብተር ሽልማቱ እስከ ሶስተኛ ነው። ደብተሩን የወሰደብኝ ልጅ ትላንት ፌስቡክ ላይ ኮንግራ ሲል አየሁት።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። ቃሏ ከላቲን ነው የመጣችው፣ ኮን ማለት አብሮ ነው፣ የቀረው ደስ መሰኘት። ይሄ እኮ ቤታችን ነበረ! እንኳን ደስ አለህ ሲሉህ መልሱ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አይደል? አለህ፣ አለሽ፣ አለዎት ብለን ሰው የምንለይ፣ ለወለደች እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ለሙሽሮች ውለዱ ክበዱ የምንል ሰዎች ዛሬ ለወለደችም ኮንግራ፣ ላገባም ኮንግራ፣ መኪና ለገዛም ኮንግራ። ቆርጠን ቆርጠን ኮን እና ግራ ቀረን። ግራ! ደሞ ጊዜ አጣሁ አትበሉኝ፣ ግማሽ ቃል ጽፎ አስራ አምስት አበባ የሚደረድር ሰው ጊዜ አጥቶ አይደለም፣ የሚለው አጥቶ ነው።

አክስቴ መጻፍ ስለማትወድ በድምፅ ነው የላከችው፣ እደግ ተመንደግ ብላ ጀምራ አራት ደቂቃ ሙሉ መረቀችው፣ መሃል ላይ ወጡ አረረ ብላ ሰራተኛዋን ተቆጣች፣ ከዛ ምርቃቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

ልጁ ለሁሉም «ታንክስ ኦል» ብሎ መለሰ፣ ከነኤስዋ። እኔ ግን በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ እንኳን ደስ አለህ ሳልለው ሳምንት ሞላኝ። ቅዳሜ ድግስ አለ ተብሏል፣ እዛው እለዋለሁ፣ ድመቷን የላከችብኝም ትመጣለች።